በጾም ቀን ወተቱን ማን ይቅመስ

ሥራዬ ገና ያልደረሰ ጥፋት መፈለግ ነው። እንጅባራ ጫፍ ላይ ባለች አንዲት አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የጥራት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል የማዝዘው ሰው ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ የማዝዘው አንድ ቁም ሳጥንና አንድ ማኅተም ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ዕድሜዬን የበላው «የማስተካከያና የመከላከያ እርምጃ ቅጽ» የሚባለው ነው። ማስተካከያ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ መከላከያ ማለት ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስረዳው በዚህ መንገድ ነው፤ ይስቃሉ፣ እኔም ስለሚስቁልኝ ደስ ይለኛል።

እዚህ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ሴት ነው። በዚያ ቅጽ ላይ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ፣ ከእንጀራዋ አፈናቅያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅጹን ስንት ጊዜ እያወጣሁ እንዳነበብኩት አላውቅም። የፊደል ስሕተት እንኳ የለበትም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ወተቱ ልንገራችሁ። ወተቱ ከዳንግላ መስመር በአይሱዙ፣ ከዘንገና በኩል በፈረስ ጋሪና በባጃጅ ይመጣል። በር ላይ ውኃ መቀላቀል አለመቀላቀሉን እንለካለን፤ ከዚያ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ በላስቲክ ይታሸጋል። ሥራ ሲያልቅ ገንዳውና ቧንቧው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ኮስቲክ የረጋ ቅባት ያላቅቃል፤ ቆዳም ካገኘ ይልጣል። በብዙ ውኃ ተለቅልቆ ካልወጣ በማግሥቱ በዚያ የሚያልፈውን ወተት ያበላሸዋል። ስለዚህ የየዕለቱ የመጀመሪያ ወተት ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይደረጋል፤ የተለቀለቀበት ውኃ ኮስቲክ ሲነካው ቀለሙን በሚለውጥ ሊትመስ ወረቀት ይታያል፣ ወተቱ ይሸተታል፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ግማሽ ኩባያ ይቀምሳል። የቀመሰው ሰው በሰንጠረዡ ላይ «ተቀምሷል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል፤ ከሥሩ እኔ እፈርማለሁ።

ያ ሳጥን የዓመቱን እኩሌታ ውሸት ነበር። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ። ከሠራተኞቻችን ከሁለት ከሦስቱ በቀር ሁሉም ጿሚ ነው። በጾም ወተት ሲታሸግ ይዋላል፣ ሲጫን ይዋላል፣ ወደ አፍ ግን አይጠጋም። «አልቀምስም» ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ «ቀመስኩ» ብሎ በቃሉ የዋሸም የለም። ኩባያው ይሞላል፣ አፍንጫ ሥር ይደርሳል፣ ይደፋል፣ ምልክቱ ይደረጋል። እኔም እያወቅሁ እፈርማለሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾም ሽሬ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ታይፎይድ ጥሎኝ የክፍል ጓደኞቼ ያመጡልኝን ወተት መልሻለሁ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ ነው፤ ያኔም የምናገረው ለዚያው ነበር።

መጀመሪያ የተያዝነው በገና ጾም መጨረሻ ላይ ነው። ዳንግላ ያለ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ሙሉ ካርቶን ወተት ይዞ በሚኒባስ መጣ። ቢሮዬ ገባ፣ አንዱን ላስቲክ በጥርሱ ቀደደና ጠረጴዛዬ ላይ በነበረው ብርጭቆ ቀዳው።

«ጌታው፣ ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ልብስ የሚታጠብበት?» አለኝ።

አሸተትኩት፤ የሳሙና ነገር አለው። «እስቲ ቅመሱት» አለኝ። ጾም መሆኑን ነገርኩት። ሰውየው ቁልቁል አየኝ።

«እንግዲያ እስከ ገና የምትልኩልን ማንም ያልቀመሰውን ነው በሉኛ!» ብሎ ካርቶኑን እግሬ ሥር ጥሎ ወጣ።

ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በእሱ ነበር፤ በራሴ መናደድ የጀመርኩት በኋላ ነው። በጥራት ሥራ አንድ ደንብ አለ፤ ችግር ሲገጥም አምስት ጊዜ «ለምን» ብለህ ጠይቅ ይላል። የመጀመሪያው መልስ ሰበብ ነው፣ ሥሩ የሚገኘው ወደ አምስተኛው ላይ ነው ተብለን ተምረናል። ሠራተኞቹን ማሸጊያው ክፍል ሰብስቤ ጀመርኩ። ወተቱ ለምን ሳሙና ሸተተ? በደንብ ስላልተለቀለቀ። ለምን ሳይታወቅ ወጣ? ስላልተቀመሰ። ለምን አልተቀመሰም? እዚህ ላይ ሁሉም እግር እግሩን ያይ ጀመር። በመጨረሻ ቦይለሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ አላስቻላቸውም።

«አንተ ልጅ ምን ነካህ? ጾም አይደለም እንዴ!» አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሁለት «ለምን» ይቀረኝ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። ቢሮዬ ገብቼ «መንስኤ» በሚለው ላይ «በጾም ቀናት የሚቀምስ ሰው አለመኖሩ» ብዬ ጻፍኩ። «የመከላከያ እርምጃ» በሚለው ላይ ደግሞ «የማይጾም ቀማሽ መመደብ» አልኩ።

ያን ጊዜ ማሸጊያው ላይ የምትሠራ አንዲት የቀን ሠራተኛ ነበረችን። የአዘና ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንድያ ሴት ልጇን ይዛ እንጅባራ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እሑድ እሑድ እዚያው ከተማ ያለ የፕሮቴስታንት ጉባኤ ትሄዳለች። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ቢሮ ስላለኝ ግን እሷ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ ከክፍሏም አንደኛ ነው የምትወጣው። እናቲቱ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የቋሚነት ደብዳቤ። የቀን ሠራተኛ «ነገ እንዳትመጪ» ከተባለ አለቀለት። ሥራው ከሄደ እንጅባራ መኖር የለም፤ ወደ አዘና፣ ወደ ወንድሟ ግቢ መመለስ ነው። ወንድሟ ደግሞ ለልጅቷ ባል አጭቶ የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ይቺ ልጅ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ትውሰድልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ» ትል ነበር።

ቀማሽ ትሆኚ ወይ ስላት አላንገራገረችም። ሥራ አስኪያጁም እኔ ባለሁበት ቃል ገባላት፤ ቅምሻው አንድ ዓመት ያለ ስሞታ ከሄደ ቋሚ ትሆናለች። ያን ዕለት ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አመሰገነችኝ፤ እኔም የሚገባኝ መስሎኝ ተቀበልኩ።

ምላሷ ጉድ ነበር። አንድ ጠዋት ከዘንገና በኩል የመጣው ወተት ቅር አላትና ላሞቹ የበሉትን ቅጠል በአውኝኛ ጠርታ ነገረችኝ፤ አማርኛውን እሷም እኔም አናውቀውም። ወተት አምጪዎቹ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲነጋገሩ ሁሉም ጻድቅ ነው፤ ከእሷ ጋር በአውኝኛ ሲጨዋወቱ ማን ውኃ እንደ ጨመረ ራሳቸው ይነግሯታል። በጾም ቀን ኩባያዋን ስታነሣ ደግሞ የቦይለሩ ሽማግሌ ሳይተርቧት አያልፉም።

«ቅመሽ እንግዲህ፤ የእኛ ጽድቅ በአንቺ ጉሮሮ ነው» ይሏታል።

«እናንተ ጽደቁ አባባ፤ ወተቱን ለእኔ ተዉት» ትላቸዋለች።

ሽማግሌው በዚህ መልስ በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር። ሁዳዴ አለፈ፣ ፍልሰታ አለፈ፤ አንድም ካርቶን አልተመለሰም።

አንድ ቀን ሰንጠረዡን ልታስፈርመኝ መጥታ «እኔ ብታመምስ ማን ይቀምሳል?» አለችኝ። ጥያቄው የእኔ መሆን ነበረበት። ደመወዝ የሚከፈለኝ እኮ ለዚህ ነው፤ ይህ ቢቀር ምን ይተካዋል ብዬ አስቀድሜ እንድጨነቅ። «አንቺን ደግሞ ምን ያሳምምሻል» ብዬ ቀለድኩባት። በዚያው ሰሞን ቅጹ ላይ «እርምጃው ውጤታማ ሆኗል፤ ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከባሕር ዳር የመጣ ኦዲተር አንብቦት «የአካባቢውን ባህል ያገናዘበ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ነገርኳት፤ በሁለተኛው «ሰማሁ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። በታኅሣሥ ጠዋት የእንጅባራ ሣር አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ የቧንቧውን እጀታ በባዶ እጅ መያዝ ያቃጥላል። የከተማው ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖት ታንከራችን ወደ ማለቁ ነበር። ሊትመስ ወረቀቱም ካለቀ ሳምንት አልፎታል፤ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ። ውኃው ማነሱንም ወረቀቱ ማለቁንም አውቅ ነበር። ከሦስቱ መፈተሻ የቀሩት አፍንጫና ምላስ ብቻ መሆናቸውን ያን ጠዋት ማንም ቢጠይቀኝ ሳላመነታ እነግረው ነበር። የገና ጾም ገብቷል። የዕለቱ የመጀመሪያ ወተት የሚሄደው እዚያው ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ሕፃናት አይጾሙም።

እሷ በጋቢ ተጠቅልላ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ተደፍኗል።

«ዛሬስ አፌ አያውቅም» አለችኝ። «ጉንፋኑ ምላሴን እንጨት አድርጎታል። ጨውና በርበሬ አልለይም።»

«እስቲ ሞክሪው።»

ቀመሰችው። ራሷን ነቀነቀች። «ውኃ ነው የሚመስለኝ። ሌላ ሰው ይቅመሰው፤ ወይ እርስዎ...» አለችና ቀሪውን ተወችው።

ሌላ ሰው አልነበረም። ከማይጾሙት የቀሩት ከአይሱዙው ጋር ዳንግላ ወርደዋል። ኩባያውን ከእጇ ተቀበልኩ። አሸተትኩት፤ ብርዱ አፍንጫዬን ስለያዘው ምንም አልሸተተኝም። ከንፈሬ ድረስ አደረስኩት። አንዲት ጠብታ ትበቃ ነበር፤ ነክቼ መትፋት እችል ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ሕፃናቱ ጨርሶ ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያሉኝ በር ላይ ቆመው የሚያዩኝ ሠራተኞች ናቸው። የቄሱ ልጅ በጾም ወተት አፉ ውስጥ አደረገ ይሉኛል አልኩ። ደጅ የባጃጁ ሾፌር ጥሩምባውን ያንባርቃል። ኩባያውን ደፋሁት።

«ትናንትም ደህና ነበር። ምልክቱን አድርጊና ይሂድ» አልኳት።

አየችኝ። «እርስዎ ካሉ» ብላ ምልክቱን አደረገች። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ረፋዱ ላይ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስልክ ተደወለ። ሆስፒታል ስደርስ ሕፃናቱ በሞግዚቶችና በእናቶች ጭን ላይ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ያለቅሳሉ። ከንፈራቸው ቀልቷል፣ አንዳንዶቹ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው አገጫቸው ርሷል። አንዲት እናት ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ውኃ የያዘ ጆግ አስጨበጠችኝና «ያዝልኝማ ወንድሜ» አለችኝ። ጆጉን ይዤ ቆምኩ። ማን እንደሆንኩ ልነግራት አልደፈርኩም፤ ሐኪሙ እስኪጠራት ድረስ እንደ ቤተሰብ ቆሜ ውኃ አቀበልኳት።

አብዛኞቹ አንዴ ተጎንጭተው የተፉ ስለነበሩ በዕለቱ ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንዲት ሕፃን ግን ብዙ ውጣ ነበርና ወደ ባሕር ዳር ተላከች። እሷም በሳምንቱ ድና ተመለሰች። እኔው ራሴ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ደጃቸው ላይ ዶሮ ስታባርር ነበር። ከተማው ግን እስከዚያ አልጠበቀም። አምቡላንሱ በወጣ በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ባሕር ዳር ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች የሚል ወሬ መናኸሪያውን ሞልቶት ነበር።

አደጋው በደረሰ ማግሥት ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የምርት ኃላፊውና እኔ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። የምርት ኃላፊው የውኃው ነገር እንዲነሣ አልፈለገም፤ ማጠቡ የእሱ ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ የሊትመሱ ነገር እንዲነሣ አልፈለገም፤ ግዢውን ያስተኛው እሱ ነው። እኔ ምን እንዲነሣ እንዳልፈለግሁ ታውቃላችሁ። ሦስታችንም በየተራ ጉሮሯችንን ጠረግን። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሰንጠረዡን ገልጦ ጣቱን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ።

«ይኸው ምልክቷ። ቀምሻለሁ ብላለች አይደል?» አለ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት አህያ ነበር።

ተጠራች። እንድትቀመጥ ያላት የለም፤ ቆማ ተጠየቀች። ጉንፋኑ ገና አልለቀቃትም።

«ምልክቱ ያንቺ ነው?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«የእኔ ነው።»

«ቀምሰሻል?»

«ቀምሻለሁ። አፌ ግን...» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ «ነግራኛለች» የሚል። ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። ብዕሬ ቀለም የጨረሰ አስመስዬ አራገፍኩት፤ አልጨረሰም ነበር። እሷ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ የጀመረችውን ሳትጨርስ ተወችው። ለምን እንዳላጋለጠችኝ ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት እኔ ከካድኩ ማንም እንደማያምናት ገብቷት ይሆናል። ምናልባትም በር እስክትወጣ ድረስ ይናገራል ብላ ጠብቃኝ ይሆናል።

«መንስኤ» በሚለው ላይ «ቀማሿ ኃላፊነቷን በአግባቡ ባለመወጣቷ» ብዬ ጻፍኩ። ቃል የተገባላት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የቋሚነት ደብዳቤዋ ተተይቦ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በምትኩ ሌላ ደብዳቤ ተተየበላት። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በመናኸሪያው ሳልፍ አየኋቸው። ፍራሻቸውና ሁለት ማዳበሪያ ዕቃ ሚኒባሱ ላይ እየተጫነ ነው። ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ረዳቱ ከጣሪያው ልስቀለው ሲላት እምቢ አለች። እኔ ወደ ማዶው ተሻግሬ በአንድ ሱቅ ውስጥ ባትሪ ድንጋይ ስጠይቅ ቆየሁ። ሻጩ አምጥቶ ሲሰጠኝ ሌላ መጠን ጠየቅሁት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አዘና የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋና ለወራት እንደ ጠፋ ቀረ። ከእሷ የሚመጣ ወሬ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ይህ አስደስቶኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባ፣ ለሥራ ብዬ በጾም ወተት በምላሴ ነክቼ ብተፋ ኃጢአት ይሆንብኝ ነበር?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ሕፃናት የሚጠጡት ነው ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባ። እንዳይጎዳቸው ለማወቅ።»

«ታዲያ መጥተህ ብትነግረኝ መላ እናጣለት ነበር? እዚሁ አይደለሁም እንዴ። መጥተህ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኋቸውም። ከእኛ መካከል ማንም አልጠየቃቸውም። ከማቀነባበሪያው እስከዚያ ደጅ ድረስ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እኛ ግን ዓመታት ሙሉ ሳንጠይቅ የከለከሉን ያህል ኖርን። ያስቀረኋቸውን ሁለት «ለምን» ያን ቀን ጠይቄ ቢሆን እዚያ ያደርሱኝ ነበር። አባ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ስለ ሴትዮዋ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ እሷን ደብቄ ነው የተናዘዝኩት።

አዲሱ የመከላከያ እርምጃ ጥሩ ነው፤ ይህን በሙያዬ እመሰክራለሁ። ለቅምሻ ሁለት ሰውና አንድ ተጠባባቂ ተመደበ። ሊትመስ ወረቀት ሳያልቅ በፊት ይገዛል። ውኃ ካነሰ ማሽኑ አይነሣም። ከሦስት ወር በኋላ «ችግሩ ተደግሟል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ «አልተደገመም» ብዬ ሞላሁት፤ እውነት ነው። ያው ኦዲተር መጥቶ የዚህን ቅጽ ቅጂ ለሌሎች ማስተማሪያ ይሆነኛል ብሎ ወሰደው። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልስማማ አለኝ። ሚስቴ ጨጓራ ነው ትላለች።

መንገዱ የተከፈተው በግንቦት ነው። ከአዘና በኩል አዲስ ወተት አቅራቢዎችን የሚመዘግብ ሰው ሲፈለግ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ምዝገባው የእኔ ሥራ አልነበረም። ሌሊቱን ሳልተኛ ያዘጋጀሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ «ነግረሽኝ ነበር፣ ምልክት አድርጊ ያልኩሽም እኔ ነኝ፣ የካድኩሽም እኔ ነኝ።» በሚኒባሱ ውስጥ በልቤ ስደግመው መጣሁ። ከዚያ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ እውነቱን እጽፋለሁ፣ ትመለሳለች፣ ልጅቷም በመስከረም ትምህርቷን ትቀጥላለች እያልኩ ነገሩን ሁሉ በሐሳቤ አስተካከልኩት።

የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ዳር፣ ማዳበሪያ አንጥፋ ድንች ደርድራ አገኘኋት። ከስታለች። ስታየኝ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንደምን ከረሙ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ልጅሽስ?»

«ደህና ናት። አግብታለች» አለች። «በየካቲት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ መሬትም አለው።» ጎንበስ ብላ የተደረደረውን ድንች እንደገና መደርደር ጀመረች።

ያሰብኩት ነገር ግማሹ በዚያው ቅጽበት ከንቱ ሆነ። መስከረምም፣ ፈተናም፣ የደብተር ቦርሳም የለም። ቢሆንም ቀሪውን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እፈራለሁ እንጂ።»

«ጠይቂኝ።»

ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺ ሕፃን የት ነው የተቀበረች?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ገባኝ። ወሬው የደረሳት ዕቃዋን ስትጭን መናኸሪያው ላይ ነው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ከእንጅባራ በእግሩ የመጣ ሰው ቢኖር እንኳ የሕፃኗን ነገር ለማንሣት ፈርታለች።

«ምልክቱን ያደረግሁ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ስለ እናቲቱ ብዬ በየወሩ ሦስት ሦስት ቀን እህል ውኃ ሳልቀምስ እጸልያለሁ። ልሄድና እግሯ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አልሞተችም» አልኳት። «ድናለች። በሳምንቱ ነው የተመለሰች። እኔው ራሴ አይቻታለሁ፣ ስትሮጥ። ሌሎቹም ሁሉ ድነዋል።»

ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ደንግጣ በአውኝኛ ጠየቀቻት፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች መለሰችላት፤ ሴትዮዋ እልል አለች። ከዚያ ተነሥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ልትስመው ጎንበስ አለች። ልነጥቃት ሞከርኩ፤ አልለቀቀችኝም።

«ጌታ ይባርክዎ። ዘርዎ ይባረክ። ይህንን ሊነግሩኝ ብለው ነው አዘና ድረስ የመጡ?»

«አዎ» አልኳት።